ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልጃገረዶች ለምን ይለቁ ነበር?

750 ብር።

ከዚህ ውስጥ 600ው ከግብር ነፃ ነው፤ የጊዜው ሕግ እንደዚያ ይል ነበር። የቀረው 150 ብር አሥር በመቶ ይቆረጥበታል። 15 ብር ሄደ። ለጡረታ ሰባት በመቶ፣ ማለትም 52 ብር ከ50 ሳንቲም ሄደ። እጅ ላይ የሚደርሰው 682 ብር ከ50 ነው። በወር 26 ቀን ከተሠራ ቀኑ 26 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። የሰዓቱንም አስላው ካላችሁኝ ሦስት ብር ከ28 ሳንቲም ነው።

ይህ የ2011 ዓ.ም. ሒሳብ ነው። ቦታው ሐዋሳ። ሠራተኛዋ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀማሪ የልብስ ስፌት ኦፕሬተር ናት። በዚያ ዓመት በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ስለ ፓርኩ አንድ ሪፖርት አወጣ። ጸሐፊዎቹ ፖል ባሬትና ዶሮቴ ባውማን-ፖሊ ናቸው። የጀማሪዋን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብለው መዘገቡት። ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አሉ። ባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ነበር። 26 ዶላር በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር አካባቢ ነው። ግብርና ጡረታውን ቀንሼ ያሰላሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ሳነብ በዶላር የተጻፈውን ወደ ብር ካልመለስኩት፣ ከብሩም ላይ የሚቆረጠውን ካልቆረጥኩት አይገባኝም።

አንድ ሰው ስለ ዘመናዊ ሥራ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሴትነት ጨለም ያለ ልብ ወለድ ልጻፍ ቢል ወደዚህ ቦታ ሂድ እለዋለሁ። ግን ገና ሲጀምር የሚያስቸግረው ነገር አለ። ዋና ገጸ ባሕሪዋን ምዕራፍ አንድ ላይ ያስተዋውቀናል። ምዕራፍ አራት ላይ ሲደርስ የለችም። ለቃለች። ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ምዕራፍ ሰባት ላይ ያቺኛዋም የለችም። ይሄ የእኔ ማጋነን አይደለም። ሪፖርቱ እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። ታዲያ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘልቀው ማን ነው? ወንበሩ ነው። ወንበሩና የስፌት መኪናው።

ስለዚህ እኔም ጉዳዩን ከወንበሩ ልጀምር።

ወንበሩ ከየት መጣ

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። የሠራው ሲሲኢሲሲ የሚባለው የቻይና የግንባታ ኩባንያ ነው። ግንባታው ዘጠኝ ወር ገደማ ነው የፈጀው። የእኛን አገር የመንገድና የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተአምር ነው። ወጪው 250 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። 52 ሼዶች አሉት። እቅዱ 60 ሺህ ሰው ለመቅጠር ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ? መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም የገንዘብ ገበያ ወጥቶ ቦንድ ሸጠ። ዩሮ ቦንድ ይሉታል፤ ገንዘቡ ግን ዶላር ነው። አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ መክፈያው አሥር ዓመት። ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግንባታ ሄደ። ይህቺን ቦንድ በልባችሁ ያዟት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ገዢው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ተደረመሰ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ የልብስ ኩባንያዎች ሥራቸውን ወደ ሌላ አገር መበተን ፈለጉ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች አንዱ ነው። ሐዋሳን መረጠ። ሌሎቹም እሱን እያዩ መጡ፤ ከህንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያ።

ለምን ኢትዮጵያ? ኤሌክትሪኩ ርካሽ ነበር። አጎዋ በሚባለው አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በምትሰጠው የንግድ ዕድል ምክንያት ወደዚያ የሚገባ ልብስ ያን ጊዜ ቀረጥ አልነበረበትም። ሌላው ምክንያት የሰው ጉልበት ነው። መንግሥት ባለሀብት ሲጋብዝ የጉልበታችንን ርካሽነት ሳይደብቅ ይናገር ነበር። ገበያ ላይ ሰው የያዘውን ዕቃ ነው የሚያወድሰው። እኛ የያዝነው የሴት ልጆቻችንን ጣት ነበር።

የጣት ነገር ዝም ብዬ ያመጣሁት ምሳሌ አይደለም። ልጆቹ ከገጠር ወረዳዎች ሲመለመሉ፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከሌሎችም አካባቢዎች፣ የእጃቸው ቅልጥፍና ተፈትኖ ደረጃ ይወጣላቸው ነበር። ፈጠን ያለች እጅ ወደ ስፌት ትሄዳለች። ሌላዋ ወደ ማሸግ፣ ወደ ክር መቁረጥ፣ ወደ ልብስ መተኮስ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፓርኩ የሐዋሳን ሐይቅ እንዳይበክል ተብሎ ውሃው ተጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ተደርጎ ነው የተሠራው። ከፓርኩ የሚወጣ ፍሳሽ እንዳይኖር ነው የታሰበው። ጥሩ ሥራ ነው፣ የሚመሰገን። ብቻ ይሄን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ውሃው እንዳይወጣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገለት ግቢ ልጃገረዶቹን በሺዎች ሲያፈስ ኖረ።

አንድ ኮሌታ

አሁን ልጅቷን እናስቀምጣት። ስም አልሰጣትም፤ እውነተኛ አንዲት ልጅ አይደለችም። ብዙዎቹ ስለ ኑሯቸው ከተናገሩት ነው የሠራኋት።

18 ወይ 19 ዓመቷ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ውጤት አልመጣላትም። ወረዳው መዘገባት፣ ተፈተነች፣ መጣች። ከሦስት ልጆች ጋር ሆና አንዲት ክፍል ተከራየች። ፍራሽ መሬት ላይ። ፓርኩ ሲታሰብ ሼዱ ተቆጥሯል፣ መብራቱ ተቆጥሯል፣ ውሃው ተጣርቷል። ልጆቹ የት ያድራሉ የሚለው ግን ዘግይቶ ነው የታሰበው። የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ጓሯቸው ላይ ክፍል ቀጥለው አከራዩ። ሠራተኛ ሲመጣ ኪራይ ጨመረ። ማን ይፈርድባቸዋል? እነሱም መብላት አለባቸው።

ፋብሪካው ምሳ ያበላል፣ ሰርቪስ አለው። የመገኘት ቦነስም አለ፤ ወሩን ሙሉ ሳትቀሪ ከመጣሽ ይጨመርልሻል። ከታመምሽና ከቀረሽ ቦነሷ ትቀራለች። ስለዚህ 750 ብሩ ብቻውን አይደለም፤ ይሄን አለመናገር ማጭበርበር ይሆንብኛል። ግን መሠረቱ እሱ ነው።

ሥራዋ ምንድን ነው? ሸሚዝ አትሰፋም። ይሄን ልብ በሉ። ሰፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ሸሚዝ ይሰፋል። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ «ና ልበሰው» ይላል። እሷ ግን ኮሌታ ብቻ ነው የምትገጥመው። ከግራዋ ያለችው ልጅ የትከሻውን ስፌት ጨርሳ ትሰጣታለች። እሷ ኮሌታውን ገጥማ ወደ ቀኝ ታሳልፋለች። በቀኝ ያለችው እጅጌ ትቀጥላለች። ላይን ይሉታል። ከላይኑ ጫፍ ሰሌዳ አለ፤ በየሰዓቱ ስንት እንደወጣና ታርጌቱ ስንት እንደነበር ይጻፍበታል።

በሰዓት 60 ኮሌታ እንበል፤ በደቂቃ አንድ። በስምንት ሰዓት 480 ኮሌታ። ከተቆራረጠላት በኋላ በሰዓት የሚደርሳት ሦስት ብር ከ28 ሳንቲም ነው ብለናል። ለ60 አካፍሉት። ለአንድ ኮሌታ አምስት ሳንቲም ተኩል ገደማ ይደርሳታል። አምስት ሳንቲም በዚያን ጊዜ መሬት ላይ ወድቃ ብታዩዋት ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት ሰው አልነበረም። ሸሚዙ ኒውዮርክ ደርሶ ካልቪን ክላይን ተብሎ ሲሰቀል ብዙ ጊዜ ዋጋው ከወር መነሻ ደመወዟ ይበልጣል።

ሥራው ከባድ ነው? እንደ ድንጋይ ጠረባ አይደለም። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ገጠር ያደገች ልጅ ሥራ ታውቃለች። ውሃ ቀድታለች፣ እንጨት ለቅማለች፣ እንሰት ፍቃለች። ያ ሥራ ግን ሲደክምሽ ቀና ትይበታለሽ። ከጎረቤት ጋር ታወሪበታለሽ። ላይን ላይ ቀና ካልሽ ጨርቁ ይከመርብሻል። ከተከመረ በቀኝሽ ያለችው ልጅ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል። እሱ የሚናገረው በማታውቂው ቋንቋ ነው። ከውጭ የመጡት ሱፐርቫይዘሮችና ሠራተኞቹ ቋንቋ አይግባቡም ነበር፤ ሪፖርቱም አንስቶታል። ቋንቋ ሳይኖር ግን ጩኸት ይገባል።

«ለቀቅኩ»

አንድ ሰኞ ጠዋት ትቀራለች። ማክሰኞም። ሐሙስ ላይ ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ አለ።

ለዚህ ነገር ሁለት ቋንቋ ነበር። በፋብሪካው ቋንቋ «አትሪሽን» ይባላል፤ በመቶኛ ይለካል። ማኔጀሮቹ ሲያስረዱ «የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም» ይሉ ነበር። ሰዓት አያከብሩም፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ሄደው ይቀራሉ፣ ዲሲፕሊን አልለመዱም። ባለሥልጣናቱም ይህንኑ ደጋገሙት። ስልጠና ያስፈልጋል፣ አስተሳሰብ መቀየር አለበት ተባለ።

የልጆቹ ቋንቋ አጭር ነው። «ለቀቅኩ» ይላሉ።

አማርኛ እዚህ ላይ የሚያዝናና ነገር አለው። ሰው ሥራ ይለቃል፣ ቤት ይለቃል፣ ገመድ ይለቃል፤ የያዘውን እጅ ይለቃል። ለመልቀቅ መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል። «ለቀቅኩ» የምትል ልጅ ይዤው ነበር እያለች ነው። መንገድ የጠፋባት ሰው ቃል አይደለም።

እኔ እነዚህን ልጆች የማያቸው ሒሳብ እንደሚያውቁ ሰዎች ነው። ሒሳቡ የሚጀምረው ከብሩ ነው። ኪራይ ተካፍሎ፣ ጤፍ አይደለም፣ በቆሎና ሽሮ ተገዝቶ፣ ሳሙና ተገዝቶ፣ ለቤተሰብ ምን ይላካል? የመጡት እኮ ለመላክ ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም ወሩ ሳያልቅ ከቤት ይላክላቸው ነበር። እናት ከገጠር ዱቄት እየላከች ልጅ ለኒውዮርክ ሸሚዝ ትሰፋለች። ድጎማው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ እዩት።

ሕጉንም እንየው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት እረፍት ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን አማካይዋ ልጅ ዓመት ሳትሞላ ነው የምትወጣው። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። የወሊድ ፈቃዱም ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል፤ ሠላሳው ከመውለድ በፊት፣ ዘጠናው ከወለዱ በኋላ። ቆንጆ ሕግ ነው። ቆንጆነቱ ለምትቆይ ሴት ነው። ወንበሩ ላይ ደግሞ የምትቆይ የለችም።

ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በፊት ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ ለዓመታት ሲጮህበት የኖረ ጉዳይ ነው። ቦርዱ አዋጁ ላይ ተጻፈ። ዓመታት አለፉ፤ ወለሉ አልመጣም።

ታዲያ ማኅበር የሌላት፣ ወለል የሌላት፣ የሱፐርቫይዘሩን ቋንቋ የማታውቅ ልጅ «ይሄ ደመወዝ አይበቃኝም» ብላ እንዴት ትናገር? በእግሯ ነው የምትናገረው። በመቶኛ የተመዘገበው ያ ሁሉ «አትሪሽን» ለእኔ ድምፅ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ፋብሪካው ተነስቶ ይወጣል፤ ብቻ ሁሉም በአንድ ቀን ስላልወጡ አድማ አይባልም። ፋብሪካዎቹ እንደገና ለመመልመልና ለማሠልጠን ያወጡት ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ያንን ገንዘብ ደመወዝ ላይ ቢጨምሩት ልጆቹ ይቆዩ ነበር? አንዳንዶቹ ይቆዩ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ርካሽ ተብሎ የተሸጠ ነገር ዋጋው ሲጨምር ገዢው ፊቱን ያዞራል። ሁሉም ይሄን ያውቅ ነበር።

የመልቀቁ ነገር በሐዋሳ አልተጀመረም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፓርኩ ከመሠራቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ላይ ጥናት አድርገው ነበር። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው። ለሁለተኛው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ስልጠና። ለሦስተኛው ምንም። ፋብሪካ ከገቡት ውስጥ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ወጡ። ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ለቀው ነበር። ደመወዙ ከውጭ ከቀሩት ገቢ አልበለጠም፤ የጤና ችግር ግን ጨመረ። 300 ዶላሩን ያገኙት ቸርችረው፣ ነግደው ገቢያቸው ከፍ አለ።

ይሄን አንብቤ «በቃ ለልጆቹ ብሩን እንስጣቸው» ብዬ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲያዩ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። የነገደችውም፣ ፋብሪካ የገባችውም፣ ምንም ያላገኘችውም ተመሳሳይ ቦታ ላይ ናቸው። እውነት ለመናገር ከ26 ዶላሩ ይልቅ ያሳዘነኝ ይሄ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው ሆነ።

ሴት መሆኗ

እስካሁን የተናገርኩት ለወንድም ይሆናል። ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮስ?

ወንድ ቢሆን ከፈረቃ ሲወጣ የመንገዱ ጨለማ ጨለማ ብቻ ይሆን ነበር። ለእሷ ሌላ ነገር ነው። ሰርቪሱ ዋናው መንገድ ላይ ያወርዳታል፣ ከዚያ ወደ ተከራየችበት ሰፈር በእግር ነው። በመንገድ የሚደርስባቸው ልክፊያ፣ ዝርፊያና ከዚያም የባሰ ጥቃት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ስለዚህ በቡድን ይሄዳሉ፤ አንዷ ኦቨር ታይም ከቆየች ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ያ የመጠበቅ ሰዓት በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

ወንድ ቢሆን «ከተማ ሄዶ ይሠራል» ይባል ነበር። እሷን «ማን ጋ ነው የምታድረው?» ይሏታል። አባት ይጨነቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ደመወዟ ሊያጽናናቸው የሚችል ቢሆን ኖሮ ወሬው ይቀል ነበር። ብር የምትልክ ልጅ አትታማም። የማትልክ ልጅ ግን ሁለቱንም አጣች፤ ብሩንም ስሟንም።

ከዚያ ደግሞ ዓረብ አገር አለ። ላይኑ ላይ በጎን የሚወራው ወሬ ስለ ማን ሄደች ነው። ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ። በሰው ቤት ሠራተኝነት። ልጆቹ የዓረብ አገርን መከራ አያውቁም ማለት አይደለም። ያውቃሉ፤ ከየሰፈሩ በሬሳ የተመለሰች አለች፣ አእምሮዋን ስታ የተመለሰች አለች። ግን ቤት የሠራችም አለች። ሐዋሳ ፓርክ ሠርታ ባገኘችው ደመወዝ የእናቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ያደረገች ልጅ ታሪክ ግን ብዙ አይሰማም። ፓርኮቹ ሲከፈቱ ስደትን ያስቀራሉ ተብሎ ነበር። ፓስፖርት የሚወጣበት ብር የሚጠራቀምባቸው ቦታዎች የሆኑበትም ጊዜ አለ።

ሌላውንም ወገን ልናገር። ለብዙዎቹ ይህ የመጀመሪያ የራሳቸው የባንክ ደብተር ነበር። ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ ፓርኩን ምክንያት አድርገው የወጡ ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ። አራት ሆነው በሚተኙበት ክፍል ውስጥ እቁብ የጣሉ፣ ማታ ትምህርት የጀመሩ፣ ወደ ላይን መሪነት ያደጉ አሉ። ጨለማ ልብ ወለድ እነዚህን ይዘላቸዋል። ሕይወት አልዘለላቸውም።

ሲለቀቁ

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ኒውዮርክ ሱቅ ሲዘጋ ሐዋሳ ላይን ቆመ። ብዙዎቹ እረፍት ውጡ ተባሉ፣ ብዙዎቹ ወደ ገጠር ተመለሱ። እንደገና ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰሜን ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ከሐዋሳ እጅግ ሩቅ ነው። ግን ጥቅምት 2014 ላይ አሜሪካ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አስታወቀች። ኅዳር ላይ፣ ውሳኔው ገና ሥራ ላይ ሳይውል፣ ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እዘጋለሁ አለ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ገባ፤ አጎዋ ቀረ። ቀረጥ ያልነበረበት ልብስ እንደየዓይነቱ እስከ 32 በመቶ ይከፈልበት ጀመር። ሌሎችም ዘጉ፣ ሌሎችም ቀነሱ። ሺዎች ወጡ።

እዚህ ላይ ነው የልጆቹ ብቸኛ ቃል የተወሰደባቸው። ለዓመታት «ለቀቅኩ» እያሉ ነበር። አሁን የለቀቃቸው ሌላው ነው። ማንም «ኩባንያዎቹ የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም» አላለም። ሰበብ አልጠፋላቸውም፤ ሁኔታው፣ ገበያው፣ ቀረጡ። የሄደችው ልጅ ዲሲፕሊን የላትም ትባላለች። የሄደው ኩባንያ ስጋቱን ቀነሰ ይባላል።

ቅጣቱ ለማን ታስቦ ነበር? ለመንግሥት። የደረሰው ማን ዘንድ ነው? ኮሌታ የምትገጥመው ዘንድ። እሷ ጦርነት አላወጀችም። ፖለቲካ ውስጥ የነበራት ድርሻ በደቂቃ አንድ ኮሌታ ነው።

አሁን ወደዚያች ቦንድ እንመለስ። 2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ የግማሽ ዓመቱን ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ነበረባት። አልከፈለችም። በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ዕዳዋን መክፈል አቃታት ተባለ። ባለቦንዶቹ ተቆጡ፣ ጠበቃ አቆሙ፣ ድርድር ተጀመረ፣ ስብሰባ ሆነ።

እኔ ደግሞ ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ሪፖርቱ በወጣበት ጊዜ ፓርኩ ውስጥ 25 ሺህ ሠራተኛ ነበር። ሁሉም በመነሻው 26 ዶላር ተከፈላቸው እንበል። በዓመት 7.8 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ያቺ አንድ ጊዜ ያልተከፈለች የስድስት ወር ወለድ የ25 ሺህ ሰው የአራት ዓመት ደመወዝ ከፍላ ትተርፋለች። የቦንዱ ገንዘብ በሙሉ ፓርክ ላይ አልዋለም፤ ይሄን አውቃለሁ። ንጽጽሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ባለቦንዱ ሳይከፈለው ሲቀር የሚጮህበት ውል፣ ጠበቃና ጋዜጣ ነበረው። ኮሌታ ገጣሚዋ የነበራት እግሯ ብቻ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተወሰነ። ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው ከመቶ አለፈ። ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ በዶላር ይሸጣል፣ በብር ይከፍላል። ለእሱ ጥሩ ዜና ነው። ደመወዝ በብር ካልጨመረ በቀር፣ በዶላር ሲታይ የልጅቷ ጉልበት በአንድ ጊዜ ወደ ግማሽ ዋጋ ወረደ። ገበያ ወጥታ ዘይት ስትገዛ ደግሞ ተቃራኒውን አየች።

ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለ ደመወዝ ግብር አይቆረጥበትም። መጀመሪያ ላይ ከ750ው የቀነስኳት 15 ብር ዛሬ ትመለስላት ነበር። እሷ ግን ከለቀቀች ቆየች።